መስመር ሦስት

ጨዋታው ሁለት ለአንድ አልቆ ሕዝቡ ከስታዲየሙ እየተጋፋ በሚወጣበት ሰዓት፣ የራዲዮ ጣቢያው የድምፅ ባለሙያ እዚያው ስታዲየሙ አናት ላይ ባለው የመሣሪያ ክፍል ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ያገኘው የኮሪደሩ ዘበኛ ነው። ክፍሎቹን ሊዘጋጋ ሲዞር በሩ ገርበብ ብሎ አየና «አልጨረስክም እንዴ?» አለው። መልስ ሲያጣ ገባ። ከዚያ «ጮኼ ወጣሁ» ነው የሚለው፤ ጩኸቱን ሰማሁ የሚል ሰው ግን አልተገኘም። አሸናፊው ደጋፊ ሁሉ እየጮኸ የአንድ ዘበኛ ጩኸት ከምኑ ይለያል?

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኳስ የሚባል ነገር አትወድም። ኳስ ከሚወድ ባል ጋር ሃያ ሁለት ዓመት መኖሯ ፍቅሩን እንዳላጋባባት ትናገራለች። ደረጃውን ሰባት ፎቅ ያህል ወጥታ፣ እያለከለከች፣ ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

ክፍሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ትከሻ ለትከሻ የሚነካካበት ጠባብ ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ ሜዳውን ቁልቁል የምታሳይ ጠባብ መስኮት አለች፤ ሌላው ከላይ እስከ ታች በመሣሪያ ተሞልቷል፤ ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ምንም እንዳልተፈጠረ ብልጭ ድርግም ይላሉ። የእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ነጭ ፕላስተር ተጠቅልሎበት፣ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በጥንቃቄ ተጽፎበታል። ሟቹ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ነው። አጠገቡ የማይክሮፎን መቆሚያ ወድቋል፤ ክቡ የብረት መቀመጫው ደም ነክቶታል።

«ከኋላ ነው የተመታው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «አንዴ ብቻ። እሷው በቅታዋለች።»

«ሰዓቱስ?»

«ከዘጠኝ ተኩል በፊት አይሆንም፣ ከአሥር ተኩልም አያልፍም። ከዚህ በላይ አታስጨንቂኝ።»

ጨዋታው የተጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ላይ ለእረፍት ወጡ፣ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሱ። መቆሚያውን በየቀኑ የማይነካው የጣቢያው ሠራተኛ ስለሌለ አሻራ ብዙም እንደማይፈይድ ገና ከመጀመሪያው ገብቷታል።

ሟቹን የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ነበር የሚሉት። ከመቶ ገመድ መሃል የላላውን አንዱን በመስማት ብቻ ይለያል ይባልለት ነበር።

ዘበኛውን እዚያው ኮሪደሩ ላይ አናገረችው። የኮሪደሩ መግቢያ አንድ ነው፤ እሱም በሩ ላይ ጀርባውን ለክፍሎቹ ሰጥቶ የሚቀመጥበት ወንበር አለው። በእረፍቱ ሰዓት ከወንበሩ አልተነቃነቀም። ያለፈው ሰው ለዕለቱ በእንግድነት የተጋበዘው የጨዋታ ተንታኝ ብቻ ነው፤ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ፣ ፊሽካው ሊነፋ ሲል ተመለሰ።

«በሁለተኛው አጋማሽስ?»

ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ። «ልዋሽሽ አልችልም። ጎሉ ሲገባ ስታዲየሙ ተናጋ። ሮጬ ወጣሁ። ከዚያ… ልመለስ ልመለስ እያልኩ አሥር ተኩል ሆነ።»

«ሃያ ደቂቃ!»

«ለሃያ ደቂቃ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት» አለ ዘበኛው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሳጅኑ ቃሉን ጽፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ሳጅኑ ሾፌሯም ጸሐፊዋም ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል፣ ወረቀት አያያዙ ግን ያሳፍራል።

የጨዋታው አስተላላፊ ከመሣሪያ ክፍሉ ሁለት በር አልፎ፣ ፊቱ መስታወት በሆነው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ወርቅ ጉሮሮ» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ኳስ በራዲዮ አስተላልፏል። ኢንስፔክተሯ እንኳ ድምፁን ከየታክሲው፣ ከየሱቁ፣ ከገዛ ባሏ ኪስ ሳይቀር ስትሰማው ኖራለች። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ የምታክል ሳጥን አለች፤ ቀይና ነጭ ቁልፎች አሏት፣ ከኋላዋ አንድ ቀጭን ገመድ ወጥቶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል።

«ይቅርታ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለና ከጠርሙሱ ውሃ ቀዳ። ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ገባ አድርጎ፣ ውሃው ሲነካው አቆመ። ለዚህ ሁሉ ዝና የማይመጥን አመል ነው ብላ አለፈችው።

«ሟቹን መጨረሻ ያናገሩት መቼ ነው?»

«እኔ አላናገርኩትም፤ እሱ ነው ያናገረኝ። ከማሸነፊያው ጎል በኋላ በማዳመጫዬ ገብቶ ‹ድምፅህ ከፍ ብሏል፣ ትንሽ ቀንስ› አለኝ።»

«ሰዓቱን ያስታውሱታል?»

«ጎሉ የገባው በሃምሳ አምስተኛው ደቂቃ ነው። አሥር ሰዓት ከአሥር በይው።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ዝም አለ። ዝም ሲል ደህና ነው ማለት ነው። የድምፅ ሰው የሚናገረው ነገር ሲበላሽ ነው።» ሲያናግራት ዓይኑ ፊቷ ላይ ሳይሆን ጆሮዋ አካባቢ ነው የሚያርፈው። ኩራት መሰላት፤ ኩሩ ሰው ደግሞ አትወድም።

«በእረፍቱ ሰዓት ከዚህ ወጥተው ነበር?»

«ከወንበሬ አልተነሳሁም። ከእረፍት በኋላ የት እንደነበርኩ ደግሞ የሰማኝ ሕዝብ ይመስክርልኝ።»

ሳጅኑ ቃሉን ጽፎ ሲያበቃ ወረቀቱን ከቦርሳው ላይ አንስቶ ሰጠው። ወርቅ ጉሮሮ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነው፤ ያልኩት ይሄንኑ ነው። የት ጋ ልፈርም?»

ሳጅኑ ቦታውን በጣቱ አሳየው። ጠጋ ብሎ ፈረመ።

ተንታኙ የቀድሞ ግብ ጠባቂ ነው፤ በረኛው ይሉታል። ወንበር የማይበቃው ትልቅ ሰውዬ ነው። ነገሩን ያወጣው እሱ ነው፣ ያወጣውም ሳይወድ በግድ ነው።

«ሐሜት እንዳይመስልብኝ እንጂ… ጨዋታው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሽቦና ጆሮ ተጣልተው ነበር።»

ሽቦ የገመድ ሠራተኛው ነው፤ እንደ ስሙ ቀጭን። የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድምም ነው።

«አንተ እንዴት ሰማህ?»

«ሁላችንም ሰማን እንጂ። ሽቦ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ሳይዘጋ ረስቶት ነው። ማዳመጫ ያጠለቀ ሰው ሁሉ ጆሮ ገባ። ‹ይሄን ሳጥን አናትህ ላይ ባልሰብረው!› አለው።»

«ስለ ምን ነበር?»

«እሱን አላወቅኩም። እኔ የዛሬ እንግዳ ነኝ።»

ሽቦ በሁለተኛው አጋማሽ የት ነበርክ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጣሪያው ሥር የላላ ገመድ እያሰርኩ ነበር አለ። ከማን ጋር? ብቻዬን። ያየህ ሰው? ርግብ ካልሆነ ማንም። ይቺን ካለ በኋላ ራሱ በተናገረው ነገር ደንግጦ አለቀሰ። ኢንስፔክተሯ ለቅሶ ብዙ አይታለች። ገዳይም ያለቅሳል፤ አንዳንዴ ከሁሉ ይበልጥ የሚያለቅሰው እሱ ነው።

አመሻሹ ላይ የሟቹ ቤት ሄደች። ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል፤ አግዳሚ ወንበሮች ከበሩ እስከ በረንዳው ተደርድረዋል። ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል፣ ድምፅዋ ግን ጎርናና ሆኗል። ወንድሟ ሽቦ በረንዳው ላይ ወንበር እያመላለሰ ሰው ያስቀምጣል።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጓዳ ወሰደቻትና በሩን ዘጋች።

«ባልሽና ወንድምሽ እንዴት ነበሩ?»

ሴትዮዋ የመደርደሪያውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ እየፈተገች ቆየች። «ሦስት ሳምንት ሆናቸው ካልተነጋገሩ። አንድ ገበታ ላይ አስቀምጬ ጨው አቀብለው ብለው አያቀብለውም። ባለፈው እሁድ ወንድሜ እዚህ ቆሞ ‹ባልሽን አንድ ቀን እሰብረዋለሁ› አለኝ። ንዴት ነው ብዬ ሳቅኩ።»

«ምን አጣላቸው?»

«የሥራ ነገር። መስመር ሦስት ይላሉ። እኔ ምን አውቃለሁ?» ከዚያ ቀና አለች። «እህቴ፣ ለምንድነው የምትጠይቂኝ? እሱ ነው?»

«ገና አላወቅንም።»

«በእጄ ያሳደግኩት ልጅ ነው። እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቱ ነበር። ግን ባሌም ባሌ ነው። እሱ ከሆነ… እሱ ከሆነ እንዳላየው ከፊቴ ውሰጂልኝ።»

ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ ብዙ ስህተት ሠርታለች፤ የዚያን ዕለቱን ግን አትረሳውም። በጓሮ አስወጥታ ልትወስደው ትችል ነበር። ደክሟት ነበር፣ ማስረጃውም አፍ አውጥቶ የሚናገር መስሏት ነበር። በረንዳው ላይ፣ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ ወንበር እንደተሸከመ ካቴና አስገባችለት። ሽቦ የፈለገው የእህቱን ፊት ነበር። እህቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በማግስቱ ጠዋት ኮማንደሩ ገና ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ ጠራት። «ጋዜጠኛ በር ላይ ነው ያደረው። ዝቷል፣ ምስክር አለ፤ ብቻውን እንደነበረም ራሱ አምኗል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ስምንት ሰዓት ላይ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ እልከዋለሁ።»

«እሺ» አለች። እሺ ያለችው ከልቧ ነበር።

ከኮማንደሩ ቢሮ ወጥታ ወደ እስር ክፍሉ ስትሄድ ሳጅኑ ተከተላት። ሊናገር አፉን ይከፍትና ይተዋል።

«ምን ሆነሃል?»

«ሰው ሞቶ ይሄን ማለቴ ነውር ነው፣ አለቃዬ። ግን ትናንት ወርቅ ጉሮሮ አናዶኛል። መኪናው ውስጥ ሆኜ ስሰማው ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ዓይንህን ጨፍነህ ጨዋታውን ታየዋለህ። ከእረፍት በኋላ ስም መጥራት ተወ። ‹ተጫዋቹ ይዞ ገባ፣ ተጫዋቹ አቀበለ!› የማን ተጫዋች? ስንት ቁጥር? ጎሉን ማን እንዳገባው ያወቅኩት በረኛው ሲናገር ነው።»

«ጉሮሮውን አሞት ይሆናል።»

«ጉሮሮ ሲታመም ስም ይረሳል እንዴ?»

«ሳጅን፣ ሥራ ላይ ነን።»

«ሥራ ላይ ካልሽማ ሌላም አለ» አለና ከቦርሳው ሁለት ወረቀት አወጣ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «መዝገቡን ሳስተካክል ነው ያየሁት። ትናንት ተሳስቼ ለወርቅ ጉሮሮ የዘበኛውን ቃል ነው የሰጠሁት። የራሱ ባዶውን ቀርቷል፤ የዘበኛው ላይ ፈርሟል።»

ወረቀቱን ተቀበለችው። ‹እኔ የኮሪደሩ ጥበቃ ሠራተኛ ስሆን› ይላል መጀመሪያው መስመር፣ በሳጅኑ ቆንጆ ጽሕፈት፣ ጎላ ጎላ ብሎ። ግርጌው ላይ የወርቅ ጉሮሮ ፊርማ፣ ከተሰመረለት መስመር ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ የዘበኛውን የመጨረሻ ቃላት ረግጦ ተቀምጧል።

«ከላይ እስከ ታች አየው» አለች ቀስ ብላ። «‹ያልኩት ይሄንኑ ነው› አለ።»

«ሐዘኑ ይሆናል ልቡን የወሰደው።»

«ይሆናል» አለች። ግን እርምጃዋ ፈጠነ።

ሽቦ እንቅልፍ እንዳልነካው ፊቱ ይናገራል። ኢንስፔክተሯን ሲያይ የጠየቀው ስለ ራሱ አልነበረም።

«እታለም ናት የነገረችዎት? ያልኩትን?»

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ገባውና አንገቱን ደፋ።

«መስመር ሦስት ምንድነው?» አለችው።

«አስተላላፊው ፊት ያለችውን ሳጥን አይተዋታል? አንድ ቀጭን ገመድ ብቻ ነው የሚገባባት። ድምፁም፣ ኃይሉም፣ መነጋገሪያውም በዚያችው ይሄዳል። መስመር አንድ ለሕዝብ የሚተላለፈው ነው። መስመር ሁለት ከዋናው ጣቢያ ጋር መገናኛ ነው። መስመር ሦስት ግን የወርቅ ጉሮሮና የጆሮ ብቻ ነው። ቀዩን ቁልፍ ሲጫኑ ከሁለቱ በቀር የሚሰማቸው የለም። እኔ እንኳ እንዳልገባበት ዘግቶታል።»

«ለምን?»

«እሱን ነበር የጠየቅኩት! ጨዋታ እያለ የዚያ መስመር መብራት ለአፍታ አያርፍም፤ ሲያወሩ ነው የሚውሉት። ችግር ካለ ልወቀው፣ ልርዳህ አልኩት። ‹አያገባህም› አለኝ። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ሠርቼ፣ እህቴን አግብቶ፣ አያገባህም!» ድምፁ ተሰበረ። «ያስቆጣኝ እሱ ነው። ሌላ አይደለም።»

«ሲነጋገሩ የሚሉት ይቀዳል?»

«አይቀዳም። ግን ስንቴ እንደተጫነ ይታወቃል። መሣሪያዎቹ አምና ነው የተቀየሩት። በድሮዎቹ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። አዲሶቹ ማን መቼ የትኛውን ቁልፍ እንደነካ በሴኮንድ ይመዘግባሉ። ዝርዝሩ ዋናው ጣቢያ ይቀመጣል። ዞር ብሎ ያየው ሰው ግን የለም።»

«አንተ ካወቅከው ልትነካካውም ትችላለህ።»

ሽቦ የታሰሩ እጆቹን ከፍ አደረገ። «ከትናንት ጀምሮ እጆቼ የት እንደነበሩ እርስዎ ያውቃሉ።»

ዋናው ጣቢያ ውስጥ የተቀበለቻቸው መሐንዲስ ወጣት ሴት ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ ጆሮ ነበር ሥራ ያስተማራት። ዝርዝሩን ለማውጣት አሥር ደቂቃ ፈጀባት።

«ይኸው መስመር ሦስት። በመጀመሪያው አጋማሽ ጆሮ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ተጭኗል። ውይ፣ ይሄ ሁሉ? ወርቅ ጉሮሮ ሠላሳ ስምንት ጊዜ። መጨረሻው ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ስድስት ላይ ጆሮ አንዴ፣ በአጭሩ።»

«ከእረፍት በኋላስ?»

መሐንዲሷ ወደ ታች ወረደች፤ እንደገና ወጣች። «የለም።»

«ከአሥር ሰዓት ከአሥር በኋላ አንድ መኖር አለበት» አለች ኢንስፔክተሯ። «‹ድምፅህን ቀንስ› ብሎታል።»

«በየትኛው መስመር? በአንዱም ቢሆን የጆሮ ቁልፍ አልተነካም። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ዜሮ ነው።»

«የወርቅ ጉሮሮውስ?»

«እሱም ዜሮ። አንዴም አልጠራውም።»

ሳጅኑ አፉን ሊከፍት ሲል ኢንስፔክተሯ እጇን አነሳች። «የጨዋታውን ቅጂ አሰሚኝ» አለች መሐንዲሷን።

ኳስ የማትወደው ሴት ማዳመጫ አጥልቃ አንድ ሰዓት ተኩል ኳስ ሰማች። የመጀመሪያው አጋማሽ ስም በስም ነው፤ ማን ለማን እንደሰጠ፣ ማን እንደወደቀ፣ ማን ካልሲውን እንደሳበ ሳይቀር። በእረፍቱ ሰዓት ከሜዳው ዳር ዘጋቢዋ ሁለቱን አምበሎች ታነጋግራለች። ፊሽካው እስኪነፋ ድረስ ከጀርባ አንድ የምታውቀው ድምፅ «ማይኩን ወደ አፍህ ጠጋ»፣ «ገመዱን እንዳትረግጪው» እያለ ይሰማል፤ ሽቦ ነው። ከዚያ ሁለተኛው አጋማሽ መጣ፣ ሳጅኑ እንዳለውም ስም የሚባል ጠፋ። ብዙውን የሚያወራው በረኛው ነው።

ጎሉ ጋ ስትደርስ አስቆመችና መልሳ ሰማችው። ሕዝቡ ጮኸ። አንድ፣ ሁለት ያህል ተቆጠረ። ከዚያ ወርቅ ጉሮሮ «ጎል!» አለ።

«የመጀመሪያውን ጎል አሰሚኝ።» የመጀመሪያው ላይ የሱ ጩኸት ከሕዝቡ ጋር እኩል ነው።

«ድምፁ ዘግይቶ ይሆን?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አይ! በአንድ ገመድ አብረው ነው የሚመጡት» አለች መሐንዲሷ። ፊቷ ተለዋወጠ። «መስታወት ፊት ተቀምጦ እንዴት ከሕዝቡ ኋላ ይጮሃል?»

ኢንስፔክተሯ ማዳመጫውን አወለቀች። ሰዓቷን ስታይ ስድስት ከሩብ ነው። «ሳጅን፣ መኪናውን አስነሳ» አለች።

ወርቅ ጉሮሮ የሚኖረው ብቻውን፣ ምድር ቤት ነው። በሩን ራሱ ከፈተ። ቀትር ነው፤ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ወርዷል። አንድ እርምጃ ርቃ ቆማ ሆን ብላ ዝም አለች።

«ማነው?» አለ።

አሁንም ዝም አለች።

«ማነው? ሰው አለ?»

«የትናንቷ ኢንስፔክተር ነኝ።»

እጁ የበሩን እጀታ ጨብጦ ቀረ። ከዚያ ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ፤ ገመድ ተዘርግቶለት እንደሚሄድ ሰው፣ ወንበሩንም ጠረጴዛውንም ሳይነካ አልፎ ተቀመጠ። እሷም ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ትናንት የፈረሙት የዘበኛውን ቃል ነው» አለችው። «የኮሪደሩ ጥበቃ ሠራተኛ ነኝ ብለው ነው የፈረሙት።»

ሊስቅ ሞከረ። «ሰው እንደዚያ ባለ ቀን…»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማያዩት?»

ሲናገር ያ ሀገር የሚያውቀው ድምፅ አልነበረም፤ ቀጭን የሽማግሌ ድምፅ ነው። «ጥላ ጥላ አያለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጆሮ ነው መጀመሪያ ያወቀው፤ የአንዱን ተጫዋች ስም በሌላው ተክቼ ስጠራ። ላጋልጥህ አላለም። በዚያች መስመር ስም ይነግረኝ ጀመር። ‹ሰባት ቁጥር፣ በግራ። ዘጠኝ ገባ። ወጣች።› ሲጠፋብኝ እጠይቀዋለሁ። እሱ እያየ፣ እኔ እያወራሁ ሁለት ዓመት ኖርን።»

«በመጀመሪያው አጋማሽ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ጠርተውታል። በሁለተኛው አንዴም አልጠሩትም።»

ራሱን ቀና አደረገ። «ይሄን ማን ነገረሽ? መስመሩ አይቀዳም።»

«ወሬው አይቀዳም፤ ቁልፉ ግን ይቆጠራል። ከአሥር ሰዓት ከአሥር በኋላ አናገረኝ ያሉት ሰው ቁልፉን አልነካም። እርስዎም አልነኩም። ያለሱ አንዲት ኳስ ማየት የማይችሉ ሰው፣ ድንገት ዝም ሲልብዎት እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ ‹የት ሄድክ?› አላሉትም?»

ሳጅኑ መጻፉን ትቶ ያየዋል። ይሄን ሰውዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ነው ያደገው።

«እረፍት ላይ ናልኝ አለኝ» አለ ወርቅ ጉሮሮ በመጨረሻ። «ሄድኩ። የዓይን ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዞልኛል። በራሱ ስም አስመዝግቦ፣ ሰው እንዳያውቅብኝ። ከዚያ ‹ይሄ የመጨረሻው ጨዋታ ነው› አለኝ። ‹የሚስቴ ወንድም እየጠረጠረኝ ነው፤ ቤቴ ሰላም አጣ። ሰኞ ለጣቢያው አለቆች ራስህ ንገራቸው። ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።› ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ለራስህ ነው› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝና ገመዶቹን ማስተካከል ጀመረ። እጄ አጠገብ ብረት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ሦስት እርምጃ፣ ወደ ግራ፣ አሥራ አንድ እርምጃ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፊሽካው ሲነፋ ማይኩን ከፈትኩ። በረኛውን ጉሮሮዬን አሞኛል፣ አውራልኝ አልኩት። አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሕዝቡ ሲጮህ እየጠበቅኩ ነበር የምጮኸው።»

«ሽቦ መታሰሩን ሰምተዋል?»

«ማታ በራዲዮ ሰማሁ።»

«ዛቻውንም በማዳመጫዎ ሰምተው ነበር።»

«ሰምቻለሁ።» ከንፈሩን ነከሰ። «አጣርታችሁ ትለቁታላችሁ ብዬ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ስትነሳ ወንበሯ ጮኸ። ንዴቷን መደበቅ አልቻለችም፣ አልፈለገችምም። «ልንለቀው አልነበረም» አለችው። «ስምንት ሰዓት ላይ ልንከሰው ነበር።»

ሽቦን ራሷ ናት እህቱ ቤት ያደረሰችው። መንገድ ላይ፣ መብራት ሲይዛቸው፣ «ለምን እንዳልነገረኝ አሁን ገባኝ» አለ። «የሰው ገመና ነበር የያዘው። እኔ ደግሞ ንቀት መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ግቢው እንደ ትናንቱ ሰው ሞልቶታል። ኢንስፔክተሯ በሁሉም ፊት ያሰረችውን ሰው በሁሉም ፊት ንጹሕ ነው ልትል አስባ ነው የመጣችው፤ በረንዳው ላይ ቆማም አለችው። ይቅርታም ጠየቀች። ድምፅዋ እንዲሰማ ጮክ አድርጋ ነበር የተናገረችው። አንዳንዱ ለቀስተኛ እልል ሊል ቃጣውና ቦታው ትዝ ብሎት አፉን ያዘ።

እህቱ ከጥግ ተነሳች። እጆቿን ዘርግታ መጣችና መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ሽቦ ራሱ ሄዶ እጇን ጨበጠ። አላቀፋትም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲላት እንደዋለው፣ በዚያው ድምፅ። ከዚያ አልፎ በሩ አጠገብ፣ ቤተሰቡን እምብዛም የማያውቁ ሩቅ ሰዎች የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ወንበር የሚያመላልስ አልነበረም። አዲስ የመጡ ሴቶች ቆመው ሲጠብቁ አይቶ እንኳን አልተነሳም። እህቱ ከጥግ ሆና ታየዋለች። አንድ ሰው ውሃ ሲያድል ለእሱም ሰጠው፤ ተቀብሎ ጠጣ፣ አመሰገነ። ለቀስተኛ የሚቀመጠውን ያህል ተቀመጠ። ከዚያ ከጎኑ ያሉት ሰዎች ሲነሱ እሱም አብሯቸው ተነሳ፣ ጫማውን አራገፈና ወጣ።

ሴትዮዋ ተከትላው አልሮጠችም። ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች። «‹ከፊቴ ውሰጂልኝ› ብዬሽ ነበር አይደል?» አለች። «ወሰድሽልኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ በሩ አመራች። ውጭ ሳጅኑ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃታል፤ ራዲዮውን ግን አልከፈተውም።